ሽንት ሲቀላ፣ ደም ሲያንስ

ይህ ጽሑፍ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ጡረታ ለወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ወረቀት ሳመጣው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። የአድማጮቹ ጥያቄዎች ግን መጨረሻው ላይ አሉ፤ ከንግግሩ ይልቅ እነሱ ሳይሻሉ አይቀሩም።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፤ በዚህ ሙቀት፣ ያውም በበርጫ ሰዓት፣ ቤታችሁን ትታችሁ ስለ ሽንት ልትሰሙ መምጣታችሁን አቅልዬ አላየውም። ሽንት የአደባባይ ወሬ አይደለም፤ አውቃለሁ። ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ ዘግይቶ የሚደርሰውም በዚሁ የተነሣ ነው። ዛሬ ሐፍረቱን ለእኔ ተዉልኝና እናንተ ስሙ።

በአንድ ሰው ልጀምር። ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት ያከምኋቸው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ ላይ ጨርሰዋል። አንድ ቀን ሽንታቸው ቀላ። አላመማቸውም፣ አላቃጠላቸውም፤ በማግስቱ ጠራ። «የመንገዱ ሙቀት ነው» ብለው ተዉት። ከወራት በኋላ ተመለሰ። የሄዱበት ክሊኒክ የኢንፌክሽን መድኃኒት ሰጣቸው፤ እንደገና ጠራ። መድኃኒቱ ያጠራው መሰላቸው። የፊኛ ካንሰር ደም ግን በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ በዚያ ቀን ዝንጅብል ጠጥተው ቢሆን ዝንጅብሉ አዳነኝ ይሉ ነበር። በሦስተኛው የረጋ ደም መጣና ሽንታቸውን ዘጋው። ያኔ ነው እኔ ዘንድ የደረሱት።

ሄሞግሎቢናቸው፣ የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር ማለት ነው፣ 8.2 ነበር፤ በወንድ ከ13 ማነስ የለበትም። ሁለት ከረጢት ደም አዘዝሁ። በማግስቱ ቁጥሩ 10 ሆነ፤ ካርዳቸው ላይ «ለቀዶ ሕክምና ዝግጁ» ብዬ ጻፍሁ። ያን ጽሑፍ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይሞቃል። ቀዶ ሕክምናው በራሱ መጥፎ አልነበረም። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ቁስሉ አልድን አለ፣ የሳንባ ምች ያዛቸው፣ ከአልጋ ለመነሣት ጉልበት አጡ። በሁለት ሳምንት ይወጣሉ ያልናቸው ሰው ሰባት ሳምንት ተኙ። እኔ ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ የእኚህ ሰው ደም የት ሄደ?

ዛሬ የመጣሁት ያን ጥያቄ ዘግይቼም ቢሆን ልጠይቅ ነው።

ስለ ካንሰሩ በአጭሩ ላሳልፍ። ፊኛ ኩላሊቶች ያጣሩት ሽንት የሚጠራቀምበት ከረጢት ነው፤ ካንሰሩም በአብዛኛው የሚነሣው ከከረጢቱ ውስጠኛ ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ እንደያዛቸው ተገምቷል፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ወንዶች ናቸው። ዋናው ጠንቅ ሲጋራ ነው። ሰው ጭሱን በሳንባው ስቦ በአፍንጫው ያወጣውና የተገላገለው ይመስለዋል፤ መርዙ ግን በደም ዞሮ፣ በኩላሊት ተጣርቶ፣ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን እ.ኤ.አ. በ1895 የቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ይህንኑ ካንሰር ሲያይ ነገሩ ተመሳሳይ ነበር፦ በሥራ ቦታ የገባ ኬሚካል መውጫው ፊኛ ሆነ።

ለምሥራቁ የሀገራችን ክፍል የሚቀርብ ሌላ ጠንቅም አለ፤ የሽንት ቢልሃርዚያ። ትሉን ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ አገኘው፤ ስሙም ለበሽታው ቀረ። እንቁላሎቹ የፊኛን ግድግዳ እየወጉ ለዓመታት ያቆስሉታል፤ ደም ያፈስሳሉ፤ ሲቆይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ። በሀገራችን በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በኩርሙክ አካባቢ ይታወቃል። ብዙ ቦታ ከሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ ጋር አትቀላቅሉት። ልጅነታችሁን በእነዚያ ወንዞች ስትዋኙ አሳልፋችሁ ከሆነ፣ ዛሬ የሰባ ዓመት ሰው ብትሆኑም ለሐኪሙ ንገሩት። እሱ ላይጠይቃችሁ ይችላል።

ዕጢው ወደ ፊኛው ግድግዳ ጡንቻ ካልገባ በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣል። ጡንቻው ውስጥ ከገባ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ ለሚችል ሰው መጀመሪያ ኬሞቴራፒ ይሰጥና ፊኛው ከነጭራሹ ይወጣል፤ ወንድ ከሆነ ፕሮስቴቱም አብሮ። ከአንጀት ተቆርጦ በሚወሰድ ቁራጭ አዲስ የሽንት መውጫ ይሠራል። ሰዓታት የሚፈጅ፣ ደም የሚፈስበት ሥራ ነው። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት፣ ፊኛቸው ከወጣላቸው ታካሚዎች ከሦስቱ አንዱ በላይ ደም ተሰጥቷቸዋል። ጥናቱ የተሠራው ደም መፍሰስን ይቀንሳል የተባለ መድኃኒት ለመፈተን ነበር፤ መድኃኒቱም ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ ወደዚህ ቀዶ ሕክምና ደሙ አንሶ የሚገባ ሰው፣ ስንቁ ጎድሎ ረጅም መንገድ እንደሚጀምር መንገደኛ ነው።

አሁን ወደ ደሙ። ለእናንተ ስለ ባቡር ማስተማር ድፍረት ቢሆንም ከባቡር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ፉርጎ አድርጋችሁ ያዙት። ከሳንባ ኦክስጅን ይጭናል፣ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለቁስል ያራግፋል፣ ባዶውን ይመለሳል። ጭነቱን የሚይዘው ሄሞግሎቢን ነው፤ ሄሞግሎቢን ደግሞ እንደ እናንተ ፉርጎ፣ ያለ ብረት አይሠራም። ፋብሪካው የአጥንት መቅኒ ነው። አንድ ፉርጎ 120 ቀን ያህል አገልግሎ ይፈርሳል፤ ብረቱ ግን አይጣልም፤ ቀልጦ አዲስ ፉርጎ ይሠራበታል። ሰውነት ለብረት እንደዚህ ቆጣቢ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ የሚለው ሄሞግሎቢን በወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ12 ግራም በታች ሲሆን ነው፤ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ማለት ነው። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ሰውነት ፉርጎ ስለሚጨምር መለኪያውም ከፍ ይላል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋላችሁ። (የሀገራችን ደገኛ ግን ለዚህም ደንብ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ የሰሜን ተራራ ገበሬዎች ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ዳር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች በዚያ ከፍታ ደማቸው ይወፍራል፤ የእኛዎቹ ሌላ ዘዴ አላቸው።)

ከከፍታ በላይ የሚያታልለው ሲጋራ ነው። የሚያጨስ ሰው ደም ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢኑን ይይዘዋል። ላብራቶሪ ፉርጎውን ቆጥሮ «ሙሉ ነው» ይላል፤ ጭሱ የያዘው ጥቂቱን ፉርጎ ብቻ ቢሆንም ያ ፉርጎ ኦክስጅን አይጭንም። ሰውነትም ለማካካስ ተጨማሪ ይሠራል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለአርባ ዓመት ያጨሰ ሰው 13 ቢያሳይ እኔ አልደሰትም።

ታዲያ ደሙ የት ይሄዳል?

መጀመሪያ የሚታሰበው በሽንት መፍሰሱ ነው፤ እዚህ ላይ ሰው በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታል። አንደኛው ሽንቱ ቀይ ስለሆነ ብቻ ደሙ ያለቀ የሚመስለው ነው። በአንድ ሊትር ሽንት ውስጥ አንድ ሚሊሊትር ደም ቢገባ እንኳ ቀለሙ ይለወጣል፤ አንድ ጊዜ መቅላት ደም አይጨርስም፤ የሚያስፈራው ምንጩ ነው። ሌላው ደግሞ ለወራት እየፈሰሰ «ጥቂት ነው» የሚለው ነው። ለእሱ በሲኒ እናስላ። አንድ የቡና ሲኒ 70 ሚሊሊትር ያህል ይይዛል። ጤነኛ ደም በእያንዳንዱ ሚሊሊትር ግማሽ ሚሊግራም ብረት አለው፤ ስለዚህ አንድ ሲኒ ደም ወደ 35 ሚሊግራም ብረት ነው። አንጀታችን ከምግብ በቀን የሚወስደው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንድ ሲኒ ደም የሦስት ሳምንት፣ አለዚያም የአንድ ወር ገቢ ማለት ነው። የረጋ ደም የሚሸና ሰው በወር ስንት ሲኒ እንደሚያጣ ቤታችሁ ስትገቡ ቡና ሲቀዳ አስቡት። ዕዳው በምሳ የሚከፈል አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ስውር ነው። ካንሰርና ኢንፌክሽን ጉበትን ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጉታል። ሄፕሲዲን የመጋዘን ጠባቂ ነው፤ ሲበዛ ብረቱ መጋዘን ውስጥ እያለ በሩ ይቆለፋል፣ ከአንጀትም አዲስ እንዳይገባ ይከለክላል። ፋብሪካው ብረት አጥቶ ይቆማል። እንዲህ ላለው ሰው ክኒን ብንሰጠው ከተቆለፈው በር ላይ ሌላ ጭነት ማራገፍ ነው። ሁለቱን የሚለየው የብረት ክምችት ምርመራ ነው፤ የሄሞግሎቢን ቁጥር ብቻውን አይነግረንም።

የጋሼ ግን ሦስተኛው ነበር፤ ያወቅሁትም ዘግይቼ ነው። ዕጢው የቀኝ ኩላሊታቸው ሽንት የሚወርድበትን ቀጭን ቧንቧ አፉ ላይ ዘግቶት ኩላሊቱ አብጦ ነበር፤ ግራውም ከዕድሜና ከደም ግፊት የተነሣ የደከመ ነው። ኩላሊት ሽንት ማጣሪያ ብቻ አይደለም። «ፉርጎ ሥሩ» የሚለውን ትእዛዝ ለመቅኒ የሚልከው እሱ ነው፤ ትእዛዙ ኤሪትሮፖይቲን ይባላል። ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙ ይቀንሳል፤ ብረት ሞልቶ፣ ፋብሪካ ደህና ሆኖ፣ ሥራ የለም። ለጋሼ የሚያስፈልጋቸው ቀላል የኩላሊት ምርመራና አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎም የታፈነውን ኩላሊት የሚያስተነፍስ ቱቦ ነበር። እኔ ሁለት ከረጢት ደም ሰጥቼ አለፍሁ።

ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ የሰፈሩ ነገር አለ። ወባ ቀይ ሕዋስ ይሰብራል፤ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚሁ ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ወረርሽኝ ማስነሣቱን ታስታውሳላችሁ። የአንጀት ትል ደም ይመጥጣል። የፊኛ ካንሰር ያለበት ሰው ወባ አይዘውም የሚል ሕግ የለም።

«እሺ፣ ደም ማነሱ በውጤቱ ላይ ያን ያህል ለውጥ አለው?» ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ከልብ ቀዶ ሕክምና ውጭ የሆነ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 227,425 ሰዎች መዝገብ አየ። 30 በመቶ ያህሉ ደማቸው አንሶ ነበር የገቡት። ዕድሜና ሌሎች በሽታዎች ከታሰቡ በኋላ እንኳ፣ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ40 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ መጠነኛ ደም ማነስ የነበረባቸውም ከዚህ አለማምለጣቸው ነው፤ «ትንሽ ነው» የምንለው ማለት ነው። በፊኛ ካንሰር ዘንድ ደም ማነስ እጅግ የተለመደ ነው፤ ፊኛቸው ሊወጣ ከተቃረቡ ታካሚዎች ከሦስቱ አንዱ፣ አንዳንድ ቦታም ግማሹ ያህል አለበት። እነሱን የተከታተሉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩም ደሙ አንሶ የገባው ቶሎ ካንሰሩ የመመለስና ዕድሜው የማጠር አዝማሚያ ይታይበታል።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ሁልጊዜ ያቋርጠኛል፤ ልክም ነው። ደም ማነሱ ነው የሚገድለው ወይስ ሊገድል የደረሰው ካንሰር ነው ደሙን የሚያሳንሰው? ትልቅ ዕጢ ብዙ ይደማል፣ ኩላሊት ይዘጋል፣ ሰው ያከሳል። ደም ማነሱ እንግዲህ ጭሱ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ ሌላ። ይህን ለመለየት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት አለ። ትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸውንና ደማቸው ያነሰ 487 ሰዎችን በዕጣ ለዩ፤ ለገሚሱ በደም ሥር ብረት ሰጡ፣ ለገሚሱ የውሸት መድኃኒት። ሄሞግሎቢኑ ከፍ አለ። ደም የመቀበልና የመሞት ነገር ግን በሁለቱም ወገን እኩል ሆነ። ብረቱን የወሰዱት ቤታቸው ከገቡ በኋላ ወደ ሆስፒታል የመመለሳቸው ነገር ግን ቀነሰ።

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። አንድ ሰው ነገ «ይህን መርፌ ብትወጉ ካንሰሩ አይመለስም» ቢላችሁ ገንዘባችሁን እንድትይዙ ነው። ደምን መሙላት ካንሰር አያድንም። ቀዶ ሕክምናውን ግን የሚቋቋም ሰው ለማድረግ ይረዳል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ «ለምን አነሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም የታፈነ ኩላሊት፣ ወባ፣ የሚደማ ጨጓራ ያገኛል። እኔ የማምነው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ደም መስጠትስ? ሰው እየደማ ከሆነ፣ ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው ሕይወት ነው፤ አንከራከርም። ቁጥር ለማሳመር ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1999 ካናዳውያን በጽኑ የታመሙ 838 ሰዎችን ተከታትለው፣ ሄሞግሎቢኑ እስከ 7 እስኪወርድ ታግሦ መስጠት 10 ላይ ለማቆየት ከመስጠት እንደማያንስ አሳዩ። የልብ ሕመም ላለበት ሰው ትንሽ ከፍ ይደረጋል። ፊኛ በማውጣት ሥራ ደግሞ ደም የተሰጣቸው ታካሚዎች ውጤት የከፋ ሆኖ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ደሙ ነው ወይስ ደሙን ያስፈለገው ምክንያት የሚለው አሁንም ያከራክራል። ለማንኛውም ቀዳዳው ሳይደፈን ታንከር መሙላት ሥራ አይደለም። ኤሪትሮፖይቲንን በመርፌ መስጠትም አለ፤ በካንሰር ታማሚ ላይ ግን ደም የማርጋት አደጋ ስላለው በዋዛ አይታዘዝም።

ስለዚህ ቀጠሮ በተያዘበትና በቀዶ ሕክምናው መካከል ያሉት ሳምንታት ባዶ አይደሉም። የብረት ክኒን ለሚሠራለት ሰው በሦስትና በአራት ሳምንት ሄሞግሎቢኑን ከ1 እስከ 2 ግራም ያነሣዋል። በቀን አንዴ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይበቃል፤ ሦስቴ መዋጥ ጨጓራ ያቃጥላል እንጂ አያፈጥንም፤ ያው ጠባቂ፣ ሄፕሲዲን፣ በሩን ይዘጋዋልና። ዓይነ ምድር ሲጠቁር አትደንግጡ፤ ብረቱ ነው። ጊዜው አጭር ከሆነ ወይም ክኒኑ ካልተስማማ በደም ሥር ይሰጣል። አንድ ነገር ግን አስምሩበት፦ ደም እስኪሞላ ብሎ ቀዶ ሕክምናውን ማስረዘም አይገባም። ጡንቻ የገባ የፊኛ ካንሰር ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ውጤቱ ይበላሻል። መጀመሪያ ኬሞቴራፒ ለሚወስዱት ሳምንታት አሉ፤ ኬሞቴራፒው ራሱ ግን መቅኒንም ኩላሊትንም ይጫናል፤ ክትትሉ ያኔ ይጠብቃል።

ስለ ምግብ ስናገር የሐረርጌ ሰው እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ። ሥጋና ጉበት የያዙት ብረት አንጀት በቀላሉ የሚቀበለው ነው፤ የግመል ሥጋም እንደዚሁ። የጤፍ ብረት ብዙ ተወርቶለታል፤ ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። ሻይና ቡና ውስጥ ያለው ታኒን ብረትን ይይዘዋል፤ ኩቲውም፣ ሆጃውም ከቡና ዘመድ ናቸው። አትጠጡ አልልም፤ ማን ይሰማኛል? ከምግብና ከክኒን ሰዓት ሁለት ሰዓት አርቁት ነው የምለው። በምትኩ ከምሳ ጋር ብርቱካን ወይም ዘይቱን ብሉ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። ጫትም ታኒን አለው፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋና እራት ይቀራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ገጠር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ጫት የሚቅሙ ነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ በብዛት ታይቶባቸዋል። እነዚያ ነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ እናንተ አይደላችሁም፤ ግን አንጀቱ ያው አንጀት ነው። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው በርጫውንም ሲጋራውንም ቢያንስ ለእነዚያ ሳምንታት ቢያሳርፍ እኔም ማደንዘዣ ሰጪውም እናመሰግናለን።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተከፈተ።

አንዲት እናት «ቀይ ሥር ደም ይተካል ይባላል፤ ለባለቤቴ ጭማቂውን በየቀኑ እሰጠዋለሁ» አሉ። ቀይ ሥር ጥሩ ምግብ ነው፤ ብረቱ ግን ትንሽ ነው፤ ቀለሙ ነው ደም ያስመሰለው። ችግሩ ከዚህ ይብሳል፤ አንዳንድ ሰው ቀይ ሥር ሲበላ ሽንቱ ራሱ ይቀላል። ደም ይተካል ብላችሁ የሰጣችሁት ነገር ደም የሚፈስ ያስመስላል፤ በተቃራኒውም እውነተኛውን ደም «ቀይ ሥሩ ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ሽንት ሲቀላ ቀይ ሥሩን አቁሙና አስመርምሩ።

አንድ የቀድሞ ባቡር ነጂ «ልጆቼ ደም ይስጡኝ ወይ?» አሉ። ይስጡ፤ ግን ለአባታችሁ ብቻ ብላችሁ አትጠብቁ። የተለገሰ ደም የሚቀመጠው ለአምስት ወይም ለስድስት ሳምንት ነው፤ ለእርስዎ የሚደርሰው ምናልባት ዛሬ የማያውቁት ሰው የሰጠው ይሆናል። የልጆችዎ ደግሞ ለሌላ ሰው ይደርሳል።

በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡና «ሽንቱ አንዴ ብቻ ቀልቶ የጠራ ሰውስ?» ብለው ጠየቁ። ዕድሜው ከሃምሳ በላይ ከሆነና ካጨሰ፣ አንዴ በቂ ነው፤ ሰኞ ይምጣ አልሁ። «ሰምተሃል?» አሉ ወደ ጎናቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት ሰውዬ ጣሪያውን ይመለከቱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም መጡ።